ወንድምሽ ልኮሽ ነው?

ትልቁ ጠበቃ ማይክሮፎኑን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አዳራሹ ጸጥ አለ። የከሰዓት ፀሐይ በትልልቆቹ መስኮቶች ገብታ ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶቹን ዓይን እስኪወጉ ድረስ አብርታቸዋለች። ከመድረኩ በላይ የተወጠረው ጨርቅ ላይ «አንደበት ለሌላቸው አንደበት» የሚል በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ትልቁ ጠበቃ በቤተሰባቸው ስም ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚመረቅበት ቀን ነው።

ጠበቃዋ ከፊት ካሉት ጠረጴዛዎች በአንዱ ተቀምጣለች። እርግጥ ገና ጠበቃ አይደለችም፤ የሕግ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት የቀሯት ተማሪ ናት። «ጠበቃዋ» ብሎ ያወጣላት ሰፈሩ ነው። በልጅነቷ፣ መስማት የተሳነውን ታላቅ ወንድሟን የነካ ሰው ከምላሷ አያመልጥም ነበር። ባለሱቅ በለው፣ አስተማሪ በለው፣ ቁመታቸው እጥፏ የሆኑ ጎረምሶች በላቸው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊታቸው ትገተራለች። «ሳድግ ጠበቃ ሆኜ ለወንድሜ እናገርለታለሁ» ማለት የጀመረችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው።

ያ ወንድሟ ዛሬ የራሱ ወርክሾፕ ያለው ሶፋ ሠሪ ሆኗል። አዲስ ኮት ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ከጎኗ ተቀምጧል። የተጠራው ለእህቱ ክብር መስሎታል። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ ባለመነጽሩ አለ፤ የትልቁ ጠበቃ አንድዬ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቧን ይዞባት የኖረ ሰው። መነጽሩ አፍንጫው ላይ አልረጋ እያለ ስለሚያስቸግረው ሁልጊዜ በአመልካች ጣቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ወንድሟ በምልክት ቋንቋ ስም ሲያወጣለት ያቺኑ የጣት እንቅስቃሴ ነው የሰጠው።

የባለመነጽሩ ቤተሰብ እሷን «ያቺ የሶፋ ሠሪው እህት» ከማለት ውጪ ሌላ ስም አያውቅላትም ነበር። ባሕር ማዶ ሄዳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ግማሽ ዓመት በበጎ ፈቃድ አገልግላ ስትመለስ ግን ነገሩ ተለወጠ። እናትየው ጉንጯን ስመው «የኛ ልጅ» አሏት። አባትየው ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛ አዘጋጅተው እስክትመረቅ መጠበቅ ጀመሩ። ጠበቃዋም ሞኝ አልነበረችም፤ ነገሩ ትንሽ ይከነክናት ነበር። ግን ባለመነጽሩ ሲያያት ሁሉን ትረሳዋለች። ከጠረጴዛው ማዶ እንኳ አሁን ሲያያት ደሟ ይሞቃል።

«ክቡራን እንግዶች» አሉ ትልቁ ጠበቃ። «ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ይቺ ልጅ በቅርቡ ቢሯችንንም ቤታችንንም ትቀላቀላለች። ባሕር ተሻግራ አንደበት የሌላቸውን ሕጻናት አገልግላ መጥታለች። ይህን መንገድ ለምን እንደመረጠች ታውቃላችሁ?»

ጠበቃዋ የብርጭቆዋን አንገት ጨበጠች።

«ይህ የምታዩት ወንድሟ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከሰፈር ሱቅ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። ሲጠይቁት ምን ብሎ ይመልስ? ዝምታው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበት። ምስኪን፣ ከፍርሃቱ ብዛት…» ትልቁ ጠበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ማድረጉን ያውቁበታል። «…ከፍርሃቱ ብዛት ሱሪው ላይ ሸና። ያን ጊዜ ነው ይቺ የዘጠኝ ዓመት ሕጻን በሩን ገፍታ ገብታ፣ 'እሱ አልሰረቀም! ጠይቁኝ፣ እኔ እመልሳለሁ!' ብላ የጮኸችው!»

«እ-እ-እህ…» አለ አዳራሹ። አንዲት ሴትዮ በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። የሁሉም አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ሶፋ ሠሪው ዞረ።

ጠበቃዋ ያንን ታሪክ በሕይወቷ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ፣ ራሷን ደረቱ ላይ አስደግፋ እያለቀሰች። ባለመነጽሩን አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

ወንድሟ ክንዷን ነካ አደረገ። «ምን አሉ?» አለ በእጁ። «ለምን ሁሉም እኔን ያየኛል?»

ድሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ታለሳልስለት ነበር። ሰው «ደንቆሮ» ሲለው «ደህና ነህ ወይ እያለህ ነው» እያለች ነው ያሳደገችው ማለት ይቻላል፤ በስድስት ዓመት ቢበልጣትም። ከጠረጴዛው ማዶ ባለመነጽሩ መዳፉን በልመና ዘርግቶ «በኋላ፣ በኋላ» አለ በከንፈሩ። ያ «በኋላ» ነው ያቃጠላት። ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ሁለት እጇን ነጻ አደረገች፤ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ፖሊስ ጣቢያውን፣ ምስኪን መባሉን፣ ሱሪውን።

የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ። የአዲሱን ኮት ቁልፍ ቆለፈና «ድምፅ ሁኚልኝ» አላት።

ቆማ እሱ ያለውን ሁሉ ጮክ ብላ ተናገረች። «ጌታዬ፣ ሱሪው የኔ ነው። ማን አወረሰዎት? ታሪክ ካማረዎት የልጅዎን ሱሪ ያውሩ፤ እሱም ሕጻን ነበር። አንደበት የለውም አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ ምን ጠይቀውኝ ነው ዝም ያልኩት? ያን ቀን ፖሊሶቹ ደብተር አምጥተው ቢያሳዩኝ ጽፌ እመልስላቸው ነበር፤ ማንበብም መጻፍም እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ዛሬም እርስዎ አልጠየቁኝም።»

አዳራሹ ውስጥ ሹካ ሲወድቅ ተሰማ። ትልቁ ጠበቃ ፈገግታቸውን ሳይጥሉ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። «እንግዶቼ፣ ስሜቱን መረዳት አለብን። ለዚህ ለተሰበረ ልብ ጭብጨባ ይገባዋል!»

ተጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ከስድቡ ሁሉ የባሰ ነበር። ጠበቃዋ የወንድሟን ክንድ ይዛ ስትወጣ እግሯ ወለሉን የሚረግጥ አልመሰላትም። ከአንገቷ በላይ እሳት ነበረች።

* * *

ባለመነጽሩ የደረጃው መጨረሻ ላይ ደረሰባት። ወንድሟ ቀድሞ መንገዱን ተሻግሮ ነበር፤ ወደ ኋላም አላየ።

«አባቴ እንዲህ ያደርጋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። በእናትሽ ስሚኝ።»

«እናቴን አትጥራ። ለምን ነገርከው?»

«ምን ዓይነት ልጅ ብታገኝ ነው እንዲህ የምትሆነው አለኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ እንዲያውቅ ፈለግኩ። ኮርቼብሽ ነው!»

«እኔን ከፍ ለማድረግ ወንድሜን መርገጥ ነበረብህ?»

«አልረገጥኩትም! እወደዋለሁኮ።»

«ትወደዋለህ?» ሳቀች፤ ሳቋ ጉሮሮዋን ቧጠጣት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን መጥተህ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ፣ ከእጁ ሻይ ተቀብለህ ጠጥተህ፣ አንድ ቀን ለሱ አንድ ቃል ብለህ ታውቃለህ? 'ሰላም በይልኝ'። 'እንዴት ነህ በይልኝ'። እኔ ሽቦ ነኝ? አሥሩን ጣትህን ለምን ነበር ይዘሃቸው የምትዞረው?»

«አንቺ አለሽ ብዬ ነዋ…»

«እሺ፣ እሱም ይሁን። አሁን ግን አባትህ ያንን ሲያወሩ እዚያው ተቀምጠሃል። በአማርኛ ነው የተናገሩት። አስተርጓሚ አያስፈልግህም። ለምን 'በቃ አባዬ' አላልክም?»

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወረደ፤ አልገፋውም።

«እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንደበት ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች። «አንተ።»

መንገዱን ስትሻገር እንዲከተላት ፈለገች፤ ቢከተላት ደግሞ በጥፊ እንደምትለው አወቀች። አልተከተላትም። ባለመከተሉም ተናደደች። ከዚያች ቀን በፊት ሰውን በአንድ ጊዜ መውደድና መጸየፍ የሚቻል አይመስላትም ነበር።

* * *

በማግሥቱ ወርክሾፑ ገብታ ወንድሟን ስታገኘው የአንድ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ጨርቅ በመዶሻና በጥቃቅን ምስማር እየወጠረ ነበር። ስፖንጅ፣ የተላጠ እንጨትና ሙጫ ይሸታል። እንዳያት መዶሻውን አስቀመጠ።

«አንቺስ?» አለ። «ለሱ ለምን ነገርሽው?»

ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። «ስለምወደው…» ብላ ጀመረችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የወደድሽውን የራስሽን ንገሪው። ያንቺ ምስጢር አልቆ ነው?» እጁ ሲቆጣ እንጨት የሚሰብር ይመስላል። «እኔ ስለዚያ ቀን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። አራስ ቤት ሆና ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ሰማች!»

ጠበቃዋ የሶፋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች። ይቅርታ ጠየቀችው። ሁለት ምስማር ከመታ በኋላ ነው በአገጩ «እሺ» ያላት። እሷም በዚያ መሃል ባሕር ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት፣ የደረሰችበትን የመጀመሪያ ቀን እያሰበች ነበር።

ዳይሬክተሯ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ባለሽበት ሴት ነበሩ። የዚያ አገር የምልክት ቋንቋ ከወንድሟ ቋንቋ ስለሚለይ መግባባቱ ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ጠበቃዋ በኩራት አስረዳቻቸው። ወንድሜ መናገር አይችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠበቃ ሆኜ ልናገርለት ወስኛለሁ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ወንድምሽ ልኮሽ ነው?»

ያን ቀን ዕቃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ለመርዳት ይህን ያህል መንገድ የመጣችን ሰው እንዲህ ይሏታል? ተናዳ ልትመለስ ሻንጣዋን ሁሉ ይዛ ነበር። ግን ቆየች። ስትቆይ ልጆቹ በእጃቸው ሲሳደቡ፣ ሲዋሹ፣ ሐሜት ሲያወሩ፣ የሒሳብ መምህራቸውን አካሄድ እያስመሰሉ ሲሳሳቁ አየች። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጠዋት ፍርድ ቤት ያየችውን አልረሳችውም። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ መኪና ሰው ሲገጭ አይታ ለምስክርነት ተጠራች። ልጅቷ በእጇ ትናገራለች፤ አስተርጓሚዋ ከጎን ቆማ በድምፅ ታሰማለች። ዳኛዋ ሲጠይቁም ሲያዳምጡም ዓይናቸው ልጅቷ ላይ ነበር። አንድም ጊዜ አስተርጓሚዋን አላዩም። ጠበቃዋ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና፣ ወንድሜ በአሥራ አምስት ዓመቱ ይህን አጥቶ ነው ለካ ብላ አሰበች። ያጣው ተናጋሪ አልነበረም። የሚያየው ሰው ነው።

የልጅነት ሕልሟ ያን ቀን አልሞተም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ። ለሱ የምትናገርለት ጠበቃ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደሱ ያለ ሰው ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ፍርድ ቤት ሲገባ በራሱ ቋንቋ እንዲናገር ሕጉን የምታስከብር፣ አስተርጓሚዎችንም የምታሠለጥን ጠበቃ መሆን ፈለገች። ይህንንም ለባለመነጽሩ ነግራው ነበር። «ቆንጆ ነው» አላት ያኔ፤ «አባዬ ቢሮ ከገባሽ በኋላ ጎን ለጎን ትሠሪዋለሽ።» ጎን ለጎን! አሁን ስታስታውሰው እንደ አዲስ ደሟ ፈላ። የሷን ሕልም እንደ ትርፍ ሰዓት ሥራ ነበር ያየው፤ እሷም ዝም ብላ እጁን ይዛ ተቀምጣ ነበር!

* * *

ትልቁ ጠበቃ ቢሮ የሄደችው በዚያው ሳምንት ነው። ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ የገዛ ኮቴዋ አልተሰማትም።

«ጠረጴዛሽን ልታዪ መጣሽ?» አሉ በፈገግታ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ልተወው ነው የመጣሁት፣ ጋሼ። ስመረቅ ያ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ሥልጠና ይቀበለኛል። ከዚያ ተመልሼ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ወጣት ሆኖ ባሕር ማዶ ሄዶ ማገልገል መልካም ነው። ለሥራ ማመልከቻም ጌጥ ይሆናል። ዕድሜን ሁሉ ለሱ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ስሜት ሥራ አይሆንም።»

«ጌጥ?» አለች። ድምጿን ዝቅ ለማድረግ ጥርሷን መንከስ ነበረባት። «እዚያ ያሉት ልጆች የኔ ጌጥ ናቸው? ወንድሜስ የድርጅትዎ ጌጥ ነው? ጋሼ፣ እኔ ሕግ የተማርኩት በእሱ ምክንያት ነው፤ እርስዎ ግን ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ሳለ ሰው መሆኑን ረስተው እንደ ዕቃ አሳዩት። ድርጅቱ ውስጥ አንድ መስማት የተሳነው ሰው አለ? አንድ? በር ላይ እንኳ?»

ትልቁ ጠበቃ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ አንቺ ላይ ምን እንዳየ አሁን ገባኝ» አሉ በቅዝቃዜ። «አፍ ነው።»

«ምን እንዳየብኝ እሱን ይጠይቁት። እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቅዎ፤ ወንድሜን ይቅርታ ይጠይቁት።»

አልጠየቁም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። እሷም ደረጃውን ስትወርድ እንባዋ መጣ። ያለቀሰችው ለጠረጴዛው አልነበረም። ከአንዱ በር ጀርባ የባለመነጽሩን ሳል ሰምታ፣ እጇ ወደ እጀታው ሄዶ፣ ሳትከፍተው በመመለሷ ነው።

* * *

ክረምቱ ወጣ። ጠበቃዋ ተመረቀች፤ የጉዞ ሰነዷም ደረሰ። ባለመነጽሩ ደወለ፤ አላነሳችም። ከዚያ መደወሉን ተወ። በመተውም ተቀየመችው፤ ደግሞ በመቀየሟ በራሷ ተናደደች። አባቱ ቢሮ መሄድ መተዉን ከክፍል ጓደኞቿ ሰማች። የት እንደገባ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት አንድ ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ለወንድሟ ጨርቅ እየያዘችለት ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ባለመነጽሩ ነበር። ከስቷል። ልቧ እንደ መዶሻ መታ፤ ልቧንም ተቆጣችው።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

አላያትም። አልፏት ገብቶ፣ ወንድሟ እንዲያየው ከፊቱ መዳፉን በቀስታ አወዛወዘ። ወንድሟ ቀና አለ። ባለመነጽሩ ሁለት እጁን አነሣ።

«እኔ… ጥፋት… የኔ» አለ በእጁ። «ሳሙና።»

ወንድሟ ግንባሩን አኮሳተረ። «ሳሙና?»

ይቅርታ ማለቱ ነበር፤ ሁለቱ ምልክቶች የሚለያዩት በአንድ ጣት ነው። ጠበቃዋ በሳቅና በእንባ መሃል ሆና፣ እንደ ልማዷ ልታርመው እጇን አነሣች።

«አትርጂኝ» አላት ባለመነጽሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞሮ። «መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ውስጥ ነው ስማር የከረምኩት። ገና ጀማሪ ነኝ፤ እየተሳሳትኩ ልንገረው። ካልከበደሽ… ዞር በይልኝ።»

«ከወንድሜ ወርክሾፕ? አንተ ማን ነህና ነው የምታስወጣኝ?»

«አትውጪ። ብቻ አትዪን። የምለው ለሱ ነው።»

ወንድሟን አየችው። በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከታት። እሱም! ደሟ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ በመሃል ቆማ እንደ ድልድይ የተረገጠች ሰው፣ ዛሬ እንደ ሕጻን ፊትሽን አዙሪ ትባል?

አዞረች።

ከፊቷ የጨርቅ ጥቅሎች የተደገፉበት ግድግዳ ብቻ ነበር። ከኋላዋ የእጅጌ መሻሸት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ አንዴ የመዳፍ ጥፊ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ይህ የወንድሟ ነው፣ ሲቆጣ መዳፉን በመዳፉ ይመታል። ረዥም ጊዜ ቀጠለ። ምን ይለዋል? ምን እየመለሰለት ነው? አንገቷ ሊዞርባት ሲታገላት የጨርቅ ጥቅል አቅፋ ያዘች። ከዚያ ወንድሟ ሳቀ፤ ያ በሰው ፊት የማይስቀው፣ ከሆዱ የሚወጣ ጎርናና ሳቁ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው ሲንሰቀሰቅ ሰማች። ማን እንደሆነ አላወቀችም።

ትከሻዋ ሲነካ ዞረች። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል።

«ምን ተባባላችሁ?» አለች በእጇም በአፏም።

ወንድሟ መዶሻውን አነሣ። «አይመለከትሽም» አላት፣ ምስማሩን ከንፈሩ መሃል አድርጎ።

ወደ ባለመነጽሩ ዞረች። «አንተ ንገረኝ!»

«የሱ ነው» አለ። «አልነግርሽም።»

ጉንጯ በንዴት ቀላ። አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ልትከርም ነው፤ አልጠብቅህም፣ ጠብቀኝም አላልኩህም፣ ገና ይቅር አላልኩህም ልትለው ያዘጋጀችው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁሉንም ልትልም ትችል ነበር። ግን የወንድሟን ምስጢር ከነገረችበት ከዚያ አግዳሚ ወንበር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይህ ሰው የሰጡትን ነገር መያዝ የተማረ መሰላት። ተናዳ፣ እንደተናደደች፣ የጨርቁን አንዱን ጫፍ አነሥታ ወረወረችለት።

«ያዝ እንግዲህ» አለችው። «አጥብቀህ ያዝ።»

ያዘው። ሦስቱም ጨርቁን እየወጠሩ ቆሙ። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እንባዋ ይወርድ ነበር። አልጠረገችውም፤ ሁለት እጇም ሥራ ላይ ነበር።